ለእትዬ ዘውዴ ምን ብለን እናልቅስ

ሻይ ውስጥ ስኳር አበዛለሁ። ትንሽ ብዬ አራት ማንኪያ። ባለቤቴ “አንቺ እኮ ሻይ በስኳር ሳይሆን ስኳር በሻይ ነው የምትጠጪው” እያለ ያሾፍብኛል፤ ልጄም ከእሱ ተምራ ትስቅብኛለች። ይሳቁ። እኔ ማንኪያውን ሳማስል ደብረ ብርሃን ያደግኩበት ቤት፣ እርጥበት የነካው የሱፍ ብርድ ልብስ ሽታና እትዬ ዘውዴ ናቸው ፊቴ ድቅን የሚሉት። ባለፈው ወር አንኮበር ለቅሶ ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል።

እናቴ ስትሞት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሚያስጠጋኝ ዘመድ ጠፋና ማሳደጊያ ገባሁ። ትንንሾቹ ለብቻቸው፣ እኛ ከፍ ከፍ ያልነው ለብቻችን ነበር የምንኖረው። የእኛን ቤት የያዙት እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ የአንኮበር የቄስ ልጅ፣ አግብተው የፈቱ፣ አንድም ያልወለዱ፣ ቀጠን ያሉ ረጅም ሴት። ትንንሾቹ አሳዳጊዎቻቸውን “እማዬ” ይላሉ። እኛ ግን እናቶቻችንን አውቀን የመጣን ነንና ቃሉ ከአፋችን አይወጣም ነበር። እሳቸውም ከእኛ አልጠበቁትም። የገባሁ ዕለት “እናትሽ እናትሽ ናት። እኔን እትዬ በይኝ” አሉኝና ሻይ ቀዱልኝ። ስኳሩን ሳበዛ አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ብርጭቆ ጣፍጦ ነበር የሚመጣው።

ቁጡ ነበሩ፣ አይጣል ነው! ጫማውን ሳይጠርግ የገባን ሰው ግቢው እስኪሰማ ይቆጡታል። ግን የእያንዳንዳችንን አመል ያውቁ ነበር። ዮናስ የሚባል ልጅ ነበረን፤ ካልሲ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። ካልሲው እርጥብ ከሆነ የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡታል። ሰናይት ደግሞ ቤተሰቧ ከወለጋ ተፈናቅሎ ሲመጣ መንገድ ላይ የቀረባት ልጅ ነች፤ መብራት ከጠፋ ትባንናለች። ለእሷ ሲሉ ሻማ ከቤት አይጠፋም ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ታመሙ። “መጣሁ፣ ቤቱን እንዳታቆሽሹ” ብለው ሆስፒታል እንደሄዱ ቀሩ። ወንድማቸው አስከሬኑን ወደ አገራቸው ወሰዱ። እኛን የሚያደርስ መኪና እስኪገኝ ተብሎ ስንጠብቅ ቀብሩ አመለጠን። በነጋታው ከኃላፊያችን ጋር በሚኒባስ ተነሳን።

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚገባ ዘመድ ከበር ጀምሮ እየጮኸ ነው የሚገባው። “ወይኔ እህቴን!” ካለ እህት ወይም ወንድም ነው፤ “አክስቴን!” ካለም ይታወቃል። ሰው ድምፁን ሰምቶ ማን እንደመጣ ይለያል፣ ተነስቶ ያቅፈዋል፣ ቦታ ይለቅለታል። ዝም ብሎ የገባ እንግዳ ነው። መንገዱ ጉም በጉም ነበር፤ እኛም ጉሙን እያየን ምን ብለን እንደምንገባ ስንነጋገር ሄድን። “እትዬ” ብለን እንዳንጮህ ጎረቤትም ይለዋል። ሰናይት ቀስ ብላ እማዬ ብንልስ አለች።

ዮናስ ፊቱ ጠቆረ። “እናቴ አንድ ናት” አለ። “እሷንም በወጉ አላለቀስኩላትም።”

 ከመኪና ስንወርድም የምንጮኸው ቃል አልነበረንም።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አልቃሿ “ዘውዴ ያለ ልጅ ያለ ተኪ ሄደች” እያለች ሙሾ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እኛ አንገታችንን ደፍተን፣ ዝም ብለን ገባን። አንድ ሰውዬ ከመሥሪያ ቤቷ የመጡ ናቸው ብሎ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠን። ንፍሮ ሰጡን፣ ውሃ ሰጡን፣ ደህና መጣችሁ ወይ አሉን። የሚወጣው ሰው ሁሉ ፍራሽ ላይ ለተቀመጡት ቤተሰቦች ጎንበስ እያለ “እግዜር ያጽናችሁ” ይላል፤ እኛን በአንገቱ እጅ ነስቶ ያልፋል። እንግዳ ተብለን ተከበርን። እንደዚያ ያለ ክብር ያንገበግባል። እንባ እንኳ እምቢ አለኝ።

ወንድማቸው መምሬ ተክሌ እንግዶቹን ሊያመሰግኑ መጡ። ኃላፊያችን ተነስቶ የማሳደጊያው ልጆች መሆናችንን ነገራቸው። መምሬ አንድ በአንድ አዩን።

“ስኳር የምታበዛው የቷ ናት?” አሉ።

 ሰናይት በክርኗ ጎሰመችኝና እጄን አወጣሁ። ካልሲ ሳያደርግ የማይተኛውስ አሉ። ዮናስ ጣቱን ቀሰረ፣ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል። ሁላችንንም እንዲህ በአመላችን ለዩን።

“ለጥምቀት በመጣች ቁጥር የምታወራን ስለ እናንተ ነው” አሉ። “ምን ብላችሁ እንደምትጠሯት ጠይቄያት አላውቅም። ተነሱ፣ ቦታችሁ እዚህ አይደለም።”

በሰው መሀል ወስደው ፍራሹ ላይ፣ ከእሳቸው አጠገብ አስቀመጡን። አልቃሿ ትንሽ ቆም አለችና ስትቀጥል ያለ ልጅ ማለቱን ተወችው። አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ፣ ጎንበስ ብለው “እግዜር ያጽናችሁ፣ ልጆቼ” አሉን። ይኼኔ ዮናስ “ወይኔ እናቴን!” ብሎ ጮኸ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅነውም። ሁላችንም ተከተልነው።

ዛሬ ተበታትነናል። ዮናስ አረርቲ ነው፣ ሰናይት ዓረብ አገር ሄዳለች። ማሳደጊያው አምሮበታል፤ አሳዳጊዎቹ ግን በፈረቃ ሆነዋል፤ የጠዋቷ ያየችውን የማታዋ አታየውም አሉኝ። እኔ በየዓመቱ ለጥምቀት አንኮበር እወጣ ነበር። መምሬ ገና ከበር ሲያዩኝ “ለዚች ስኳር አምጡላት!” ይላሉ።

ባለፈው ወር እሳቸውም አረፉ። ከመኪና ወርጄ ግቢው በር ላይ ስደርስ ሳላስበው “ወይኔ አጎቴን!” አልኩ። ሴቶቹ ብድግ ብለው አቀፉኝ፣ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ማን ነሽ ያለኝ የለም። እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ያኔ አጥተነው የነበረውን ቃል ዛሬ ማንም አይከለክለኝም።

ሲመሽ አንዲት የማላውቃት ልጅ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ስኳር ስንት ላድርግልዎ ብላ ጠየቀችኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ይህን ተጠይቄ አላውቅም ነበር።