ለሶልሂ የተገዛው ገመድ

ቾይ ዶክሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ደስታ ሲሰቅል ኖረ። በጂንጁ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው የባዮኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አንዱ በተሸለመ፣ የሌላው ጥናት ትልቅ መጽሔት ላይ በወጣ ቁጥር «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል ባነር ይታተማል። የሕንፃው የጽዳትና የጥገና ሠራተኛ ዶክሱ መሰላሉን ተሸክሞ ይመጣና ከበሩ ፊት ባሉት ሁለት የጊንኮ ዛፎች መካከል ይወጥረዋል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ያወርደዋል። የወረደ ባነር ማንም አይፈልገውም፤ እሱ ግን ጠቅልሎ ቤቱ ይወስድና በርበሬ ያሰጣበታል። የስንቱ ፕሮፌሰር ስም በርበሬ ተሰጥቶበታል መሰላችሁ! ሥራውን ግን ይወዳት ነበር። ያለ ውሃ ልክ፣ በዓይኑ ብቻ ለክቶ ሲሰቅል አንድም ቀን ባነር ተጣሞበት አያውቅም።

ይህ ሰው አንድ ምስጢር ነበረው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ የምትውለው የዶክትሬት ተማሪ፣ ሶልሂ፣ ልጁ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት አንድ ልጁ። ቾይ የሚባል የቤተሰብ ስም በዚያ አገር ሞልቶ የተረፈ ስለሆነ በስማቸው የጠረጠረ የለም።

ሐሳቡ የሷ አልነበረም፤ የሱ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ እዚያ ሁለተኛ ዲግሪዋን በጀመረች ቀን ጠዋት ጫማዋን ስታስር ቆሞ፣ «ስሚኝ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ አታውቂኝም፣ አላውቅሽም» አላት።

«አባዬ፣ ምን ነካህ? እኔ እኮ ባንተ አላፍርም!»

«የመሰላል ተሸካሚ ልጅ ካሉሽ በኔ ልክ ነው የሚሰፍሩሽ። ዝም በይ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ውይ! ልማር ነው የምሄደው ልሰልል?»

ሣቀች፤ ግን እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ኮፍያውን ያወልቅና እንደማንኛውም ተመራማሪ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣታል። እሷም እንደማንኛውም ሠራተኛ እጅ ነሥታው ታልፋለች። ማታ ቤት ሾርባውን እየቀዳችለት፣ «ዛሬስ አበዛኸው፤ ወገብህን ልትሰብር ነው እንዴ?» ትለዋለች። «ለትልቅ ሰው ነዋ የጎነበስኩት፣ እሜቴ!» ይላታል። ጨዋታ መስሏቸው ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትቀበል ጓደኞቿ ከወላጆቻቸው ጋር አበባ ታቅፈው ፎቶ ሲነሡ፣ እሷ ብቻዋን ቆማ ተነሣች። አባቷ ደግሞ ሃያ እርምጃ ርቆ የአበባ መጠቅለያ ወረቀት ይለቅም ነበር። እኔ ይኼን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል። ምናለ ለዚያች ቀን እንኳ መጥረጊያውን ቢጥለው!

ሶልሂ ስድስት ዓመት የለፋችው በአንድ ኢንዛይም ነው። መልኩን ለማየት ከአሸዋ የምታንስ ክሪስታል ማሳደግ ነበረባት። ትሰነጠቅባታለች፤ ትሟሟባታለች፤ እንደገና ትጀምራለች። በመጨረሻ አንድ የጸደይ ቀን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እቤት ዘልቃ፣ «አባዬ፣ አደገችልኝ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ኡምም ጥናቱ ሲወጣ ስሟ መጀመሪያ እንደሚጻፍ ነገሯት። ዶክሱ በማግስቱ ገበያ ወጥቶ አዲስ ሰማያዊ ገመድ ገዛ። «ያንቺን በአሮጌ ገመድ አልሰቅልም» አለ። ገመዱን የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አኖረው፤ አልፎ አልፎ እያወጣ ይዳብሰው ነበር።

በመከር ወራት ጥናቱ ወጣ። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወይዘሮ ባንግ የተጠቀለለውን ባነር አምጥታ፣ «አቶ ዶክሱ፣ የኢንዛይሙ ነው፤ ዛሬ ቀጥ አድርገው ይስቀሉልን» አለችው። ወዲያው ሰማያዊውን ገመድ ከሣጥኑ አወጣ። ሶልሂ ሁለት ቀን ሥራ አለብኝ ብላ ቤት አልመጣችም ነበር፤ ልታስደንቀኝ ነው ብሎ ነበር የጠረጠረው። በአዲሱ ገመድ አንዱን ጫፍ አሰረ፤ መሰላሉን ወደ ሁለተኛው ዛፍ አዛወረና ባነሩን ዘረጋ። ፕሮፌሰር ኡም ይላል። ጉ ቴሚን ይላል። ሌላ ስም የለም።

«ወይዘሮ ባንግ» አለ ከመሰላሉ ላይ፣ «ያቺ ልጅ፣ ቾይ ሶልሂ፣ ተረስታ ነው?»

«ኧረ አልተረሳችም። ወረቀቱ ላይ ሰባተኛ ናት» አለች ወይዘሮ ባንግ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቴሚን፣ ያ የላቦራቶሪ ባልደረባዋ፣ ለሥራ ሊወዳደር ነው፤ ስሙ መጀመሪያ እንዲጻፍ አባቱ ለፕሮፌሰሩ ሁለት ሦስቴ ደወሉ። ለሷስ ማን ይደውልላታል? ሰው የላትም፣ ምስኪን። ሲመረቁ እንኳ ብቻዋን አልነበረች?»

የዶክሱ ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል የኛ ሰው። ያኔ እንኳ አባቷ እኔ ነኝ ቢል ምን ነበረበት! ሰባት ዓመት የቆለፈው አፍ በአንድ ጊዜ አልከፈት አለው። ሁለተኛውን ጫፍ ለሷ በገዛው ገመድ አሰረ።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ሶልሂ ወጣች። ጋውን አልለበሰችም። ካርቶን ታቅፋለች፤ መጻሕፍቷና የሻይ ኩባያዋ ናቸው። ትምህርቱን ጥላ መውጣቷ ነበር። ባነሩ ሥር ቆማ ቀና አለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«አባዬ» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። «በግራ በኩል ዝቅ ብሏል።»

በሩ ላይ የነበሩት ተማሪዎች ዞሩ። ወይዘሮ ባንግ አፏን ያዘች። ዶክሱ ከመሰላሉ ወረደ። ሊያቅፋት ነበር የወረደው፤ በኋላ ሲምል ሰምቼዋለሁ። ግን ፊቷ ሲደርስ እጁ ወደ ኮፍያው ሄደ፣ ወገቡም ለሰባት ዓመት እንደለመደው ጎንበስ አለ። እጅ ነሣት።

ሶልሂ ጥቂት ቆማ የአባቷን ሽበት አየች። ከዚያ ካርቶኗን እንደታቀፈች እሷም እጅ ነሣችው፤ በባነሩ ሥር አልፋም ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወረደች።

«አቶ ዶክሱ፣ ልጅዎ ናት እንዴ?» አለች ወይዘሮ ባንግ።

«አዎ» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። «ልጄ ናት! ኢንዛይሙም የሷ ነው!»

አውቶቡሱ ግን ሶልሂን ይዞ ሄዷል። ዶክሱ ፊቱን በኮፍያው ጠረገና መሰላሉ ላይ ተመልሶ ወጣ። እውነቷን ነበር፤ በግራ በኩል አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል።