ለኢዮብ ስለ ቆዳው ኳስ የነገርኩት

ይህን ለሚስቴም ለፓስተሬም ተናግሬ አላውቅም። ኢዮብም አያውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል አፌን የከፈትኩት።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እኔና ኢዮብ ዩለስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ያደግን፣ አንድ ቸርች የምንሄድ፣ ኤርፖርት ሻንጣ የምንጭን ጓደኛሞች ነበርን። ክሪኬት የሚባለውን፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ ያስተማሩኝ ሕንዳዊና ፓኪስታናዊ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ከሥራ ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ በተጠቀለለበት የቴኒስ ኳስ እንጫወት ነበር። ኢዮብን ወደዚያ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት በለጠኝ።

ስለ ክሪኬት ኳስ ያላነበብኩት ነገር አልነበረም። እውነተኛው ኳስ መሃሉ ቡሽ ነው፣ በክር ተጠቅጥቆ ቀይ ቆዳ ይለብሳል፤ ርካሹ ከሁለት ቁራጭ ቆዳ ይሰፋል፣ ደህናው ከአራት። ነጩ በመብራት ለሚጫወቱት ነው። አንድ ጎኑን ሱሪ ላይ እያሹ ካበሩት አየር ላይ ይጣመማል። ኢዮብ ከዚህ አንዱንም አያውቅም፤ እጁ ግን ያውቃል። እሑድ ቸርች ኪቦርድ ሲጫወት እንኳ የምዘምረው ጣቶቹን እያየሁ ነው። ሰው እያመለከ ይቀናል? እኔ እቀና ነበር። ያጎረሰ እጄ የተነከሰ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን ማንንም አልነከሰም።

አለቃችን ራቪ ፍሪስኮ ከተማ ውስጥ በቆዳ ኳስ የሚጫወት ቡድን ነበረው። አንድ ሰው ጎደለበትና ሁለታችንንም ለቅዳሜ ሙከራ ጠራን። ያን ቦታ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ራቪ ኳሱን ይዞ አሳየኝ። ክሪኬት እንደ ቤዝቦል ጓንት የለውም፤ የቆዳውን ኳስ እንደ ቴፑ ኳስ ጠበቅ አድርገህ ከያዝከው ጣት ይሰብራል፣ እጅህን ለስለስ አድርገህ ከኳሱ ጋር ወደ ኋላ መሳብ አለብህ አለኝ። ለኢዮብም እንድነግረው አደራ ሰጠኝ።

ቅዳሜ እኔ ነበርኩ የምነዳው።

«ማለቴ፣ ሌዘሩን ኳስ ካች ሳደርግ ዲፈረንት ነው?» አለኝ ኢዮብ።

«ያው ነው።»

«ሹር ነህ?»

«ያው ነው አልኩህ። ጠበቅ አድርገህ ያዘው።»

ሙከራውን ሲወድቅ ማየት ብቻ ነው የፈለግኩት ልላችሁ እችላለሁ። ራቪ ጣት ይሰብራል ብሎኝ አልነበረም? ሰምቼ አልነበረም?

ኢዮብን ከሁሉም ፈጣን እጅ ስላለው መቺው አጠገብ አቆሙት። ኳሱ መጣ፣ እኔ እንዳልኩት ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ያዘው እኮ! ሲለቀው የግራ እጁ የቀለበት ጣት ወደ ጎን ዞሮ ነበር። ሆስፒታል ስንጠብቅ ቀስ ብሎ «አንተም አታውቅም ነበር አይደል?» አለኝ። «ለእኔም አዲስ ነው» አልኩት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። እናቱ እትዬ አስቴር መጥተው አንገቴን አቅፈው «አንተ ባትኖር ምን ይሆን ነበር ልጄ» አሉኝ። እኔም ታቀፍኩ።

ጣቱ ዳግመኛ አልታጠፈም። ቸርች ኪቦርዱን ለሌላ ሰው ለቀቀና ሳውንዱን መቆጣጠር ጀመረ። እኔ ቡድኑ ውስጥ ገባሁ፤ የሚገርማችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ቅናቴ ያን ቀን የሚያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም ቸርች ውስጥ ሰው ሁሉ እሱን ከእኔ ይበልጥ ሲወደው እቀናለሁ።

ባለፈው ወር እቤቱ እራት ጋብዞን ልጁ ጣቱ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። «ስቱፒድ ነበርኩ» አላት እየሳቀ። «ማንንም ሳልጠይቅ ገባሁ።» እኔን ላለማሳፈር ነው እንዲህ ያለው፣ የማያውቅን ሰው የጠየቀ ስለሚመስለው። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልፈልግም፤ የተሰበረው የእናንተ ጣት አይደለም። ጠይቀኸኝ ነበር ኢዮብ። እያወቅሁ ነው የዋሸሁህ።