ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ወደ ፈረሰው መንደር

ሰኞ፣ ከኮልፌ

ማለዳ ከኮልፌ ተነስተን አውቶቡስ ተራ ደረስን። አብረውኝ የሚጓዙት አክስቴ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። የምንሄደው ወደ ካራ ቆሬ ነው፤ በእኛ ሰፈር በኩል ወዳለችው ሳይሆን የደሴ መንገድ ላይ ወዳለችው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት መሬት ሲንቀጠቀጥ የአክስቴ የድንጋይ ቤት ተደርምሶ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ስንዱን ገደለ። ጎረቤታቸው አቶ ይመር በዚያች ሰዓት የገዛ እናታቸውን ከፍርስራሹ አወጡ። አክስቴ "እናቱን አስቀድሞ ልጄን ተዋት" ብለው ተቀየሙ፤ ሳይሰናበቱ ወደ እኛ መጥተው በዚያው ቀሩ።

አሁን አቶ ይመር ታመው "ሳልሞት ልያት" ብለው ላኩ። አክስቴ ሁለት ሳምንት ሲያንገራግሩ ቆዩና፣ "እስቲ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጣልኝ" አሉኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ግን ጋቢያችንን አወለቅን። ደብረ ሲና በስሙኒ ቆሎ ገዛሁ፤ አክስቴ አልነኩትም። ሮቢት ኬላ ላይ ወረቀታችንን ያየው ወታደር፣ "ለምን ጉዳይ ነው፣ እማማ?" አላቸው።

"ለቅሶ" አሉት። የማን እንደሆነ አልጠየቃቸውም።

ካራ ቆሬ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። መንደሩ ከቀድሞ ቦታው ዝቅ ብሏል። ምንጩ በመሬት መንቀጥቀጡ ደርቆ ታች ስለፈለቀ ሰዉም ተከትሎት ወርዷል። ቤቱ ሁሉ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ድንጋይ ከጉልበት በላይ አይወጣም። ይህን ያስለመዱት አቶ ይመር ናቸው አሉን። እስኪታመሙ ድረስ የሰዉን ቤት ማገር ሲያስሩ ኖረዋል።

ደጃቸው ላይ ቁርበት ተነጥፎላቸው አገኘናቸው። ሊነሱ ሲሞክሩ አክስቴ፣ "ተቀመጥ" አሏቸውና ራሳቸውም ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ያን ቀን ልጄ ጠርታህ ነበር?"

"አልጠራችም፣ አስካለ። ድምፅ የሰማሁት ከእናቴ በኩል ብቻ ነው። እሷን አውጥቼ ወዲያው ወደ ስንዱ ዞርኩ፤ ስደርስባት አልፋለች።"

"ታዲያ ይህን ለምን አልነገርከኝም?"

"የኔ እናት ተርፋ፣ ልጇን ለቀበረች ሴት ምን ብዬ ልናገር? ዛሬ ነገ ስል አንቺ ሄድሽ።"

አክስቴ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ብዙ አለቀሱ። አቶ ይመርም አለቀሱ። እኔ ዞር አልኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት የመንደሩ ሰው በደቦ የአንዲት መበለት ቤት ሲመርግ ደረስን። አክስቴ ጫማቸውን አወለቁ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃው ውስጥ ገቡና ከሴቶቹ ጋር ይረግጡ ጀመር። ያወቋቸው እየመጡ በጭቃ እጃቸው ያቅፏቸዋል።

ከሰዓት በኋላ፣ "አንተ ሂድ፤ እኔ ልጄ አጠገብ ልሁን" አሉኝ። ስሰናበት አቶ ይመር ከተቀመጡበት ሆነው የአክስቴ ቤት ምሰሶ የት እንደሚቆም በከዘራቸው እያሳዩ ነበር።

ረቡዕ፣ ኮልፌ

ብቻዬን ስገባ ባለቤቴ ደነገጠች። "እትዬስ?"

"ቤት እየተሠራላቸው ነው" አልኳት።

አደጋ የደረሰበት አገር ቤቱን መልሶ ከሠራ ዳነ እል ነበር። እነዚያ ቤቶች ግን ከቆሙ ቆይተዋል፤ ሁለት ጎረቤታሞች ቁጭ ብለው ለመነጋገር ነው አሥራ ስምንት ዓመት የፈጀባቸው። ማምሻውን የአክስቴን ልብስና ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደዚያ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠሁ።