በወንድሜ ስም የጠራሁት ደቦ

እንደ ልጄ ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ሥራዋ ጎርፍ መጠበቅ ነው። ወንዝ ዳር ቆማ እንዳይመስላችሁ፤ አዳማ ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ፒጃማዋን እንደለበሰች፣ ኮምፒውተር ላይ ተተክላ ነው። በሳተላይት የባንግላዴሽን ጎርፍ ታያለች፣ የብራዚልን ታያለች። የቤታችን ቧንቧ የፈነዳ ቀን ግን የነቃችው ጫማዋ ሲንሳፈፍ ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን እኔ እያወራሁ የምትጽፈው እሷው ናት። የቧንቧውን ነገር ልትዘለው ስትል አስመልሻታለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ፊቷ ጠቁሮ አገኘኋት። ቁርሷን አልነካችም።

«ምን ሆንሽ? ያ ልጅ አልደወለም?»

«እማማ፣ ቀልዱን ይተዉኝ። ከአዋሽ በላይ ያለውን አገር እያየሁ ነው። መሬቱ ከብዷል።»

«በምን መዘንሽው? በኪሎ?»

ሳቀችና አስረዳችኝ። ሁለት ሳተላይቶች አሉ፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ምድርን ይዞራል። ውሃ የጠጣ መሬት ይከብዳል፣ የከበደ መሬት ደግሞ ይስባል። የፊተኛው ወደዚያ ሲጠጋ ይሳብና ከኋለኛው ይርቃል። በመሃላቸው ያለውን ርቀት እየለኩ መሬቱ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ያውቃሉ።

«እንደ እኔና እንደ አያትሽ በይኛ! እሱም ጠጅ ቤት ሲቃረብ ጥሎኝ ይፈጥን ነበር።»

«ልክ እንደሱ!» አለች። ዝናቡን ደግሞ ሌሎች ሳተላይቶች ይነግሯታል። «ፍራሽ ያስቡ፤ ደረቅ ፍራሽ ላይ ውሃ ቢደፉ ይመጠዋል። የራሰ ፍራሽ ላይ ቢደፉስ?»

«ወለሉ ላይ ነዋ።» በልጅነቷ ስንት ፍራሽ እንዳሰጣሁላት ረስታለች መሰለኝ።

«ደጋው የራሰ ፍራሽ ሆኗል። ከባድ ዝናብም እየመጣ ነው። ውሃው የት እንደሚወጣ ቁርጡን አላውቅም፤ ግን ወንዝ ዳር ያለ ሰው ቢነሳ ይሻለዋል።»

ያኔ ሳቄ ቆመ። ታናሽ ወንድሜ ሶደሬ አጠገብ፣ አዋሽ ዳር ሽንኩርት ያለማል። ውሃ የሚስብበት ሞተር ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፤ እሱም የሚያድረው እዚያው ጎጆ ውስጥ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሌላ ቦታ እንቅልፍ አይወስደውም።

ደወልኩለት።

«እትዬ፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል» አለኝ።

«ዝናቡ ደጋ ነው፤ ጎርፍ ሳይመጣ ሽንኩርትህን ነቅለህ ውጣ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሳተላይት።»

«ሳተላይቱ ሽንኩርት ተክሎ ያውቃል? ገና ያልደረሰ፣ አንገቱን ያልደፋ ሽንኩርት ነቅዬ ላበስብሰው?» ዘጋብኝ።

የእናቴ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ሲለምኑት ይብስበታል። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ ደቦ የመጣን ሰው መመለስ። ማሳው ላይ የቆመን ጎረቤት ሂድ ብሎ በየትኛው ዓይኑ ሊያየው? ስለዚህ ለጎረቤቱ፣ ለወዳጄ ደወልኩላት። «አካም ጂርታ» ብዬ ከልጆቿ እስከ ላሞቿ ጠይቄ ስጨርስ፣ «ወንድሜ ነገ የሽንኩርት ነቀላ ደቦ ጠርቷል፤ ለሰዉ ንገሪለት» አልኳት።

«እማማ!» አለች ልጄ አፏን ከፍታ።

«አንቺ በሳተላይትሽ፣ እኔ በስልኬ።»

በማግስቱ ንፍሮና አንድ ጀሪካን ጠላ ባጃጅ ላይ ጭነን ሄድን። ማሳው በሰው ሞልቷል። ወንድሜ መሃል ቆሞ አንዴ ሰዉን፣ አንዴ እኔን ያያል።

«እትዬ፣ ይህን ደቦ መቼ ነው የጠራሁት?» አለኝ ጠጋ ብሎ።

«ትናንት። ምን ያስረሳሃል፣ ከእኔ ታንሳለህ!»

ሰው ፊት ምን ይበል? ጎንበስ ብሎ መንቀል ጀመረ። የታችኛው ጭራሽ ለጋ ነው ስላለ የላይኛውን ማሳ ብቻ ነቅለን ሽንኩርቱን ከፍታው ላይ ዘረጋነው። ጎረምሶቹ ሞተሩን ተሸክመው አወጡት። ወንድሜ ግን ከጎጆው ንቅንቅ አልልም አለ።

ልጄ አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ልሳሳት እችላለሁ። ከተሳሳትኩ ሞተሩን ራሴ አስመልስልዎታለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን እርስዎን ከየት አመጣለሁ?»

የሚስቱን ጋቢ ከግድግዳው አወረደ፣ አጣጠፈው፣ ተነሳ።

እኛ ሳሎን እየተኛ ሲያጉረመርም ሰነበተ። ሰማዩን ባየ ቁጥር «የኔ ልጅ፣ ሳተላይትሽ አብዷል» ይላታል። እሷም መጠራጠር ጀምራ ነበር መሰለኝ፣ ጥፍሯን ትበላለች።

ከዚያ ፀሐይ ፍንትው ባለበት አንድ ጠዋት ወዳጄ ደወለች፤ አዋሽ ሞልቶ ወጥቷል። ስንደርስ የወንድሜ ጎጆ የለም። ያልነቀልነው የታችኛው ማሳ በጭቃ ውሃ ተኝቷል። ወንድሜ የልጄን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን ሳማት።

ከነቀልነው ሽንኩርት ገሚሱ በሰበሰ፤ እሱን እስከ ዛሬ ይነግረኛል። አዲሱን ጎጆ የሠራው ግን ከፍታው ላይ ነው። አሁን ሳይተክል በፊት ይደውላል፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፦ «መሬቱ ስንት ኪሎ ገባ?»

እኔንማ በሌላ ነገር ነው የያዘኝ። ደቦ የወጣለት ሰው ውለታ መመለስ አለበት አይደል? ጎረቤት በጠራ ቁጥር «የጠራሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው መልሺ» ብሎ እኔን ይልካል። እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ባይጠቅማቸውም ወሬዬን ይወዱታል። እሱም ቢሆን ሂጂ ይለኛል እንጂ፣ ዞር ስል ከኋላዬ እየተከተለኝ ነው።