ልጄ፣ የሚጥለው በሽታና ጌሙ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት የሻይ ብርጭቆ ነው። ልጄ አቤኔዘር ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲነሣ ብርጭቆውን ይይዛል፤ እጁ ድንገት ይመነጨቅና ሻዩ ግድግዳው ላይ ይደፋል። እሱ ራሱ ይገርመዋል። አባቱ ሸማኔ ነው፣ እጁ የማይታዘዘውን ሰው አይወድም፤ ስልክ ስትጎረጉር ታድርና ጠዋት ዕቃ ትሰብራለህ ብሎ ተቆጣው። እኔም ግድየለሽነት ነው አልኩ። ቀጥሎ ማንኪያው፣ ከዚያ የጥርስ ብሩሹ። ረፋዱ ላይ ደግሞ ደህና ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ካለ እንዳታልፉት ብዬ ነው የምጽፈው።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ቤታችን ጉለሌ ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ። ባለቤቴ ይሸምናል፣ እኔ የነጠላ ጫፍ እቋጫለሁ። የሰፈሩ ልጆች ጫት ቤት ሲውሉ የኔው ቤት ነው እያልኩ እኮራ ነበር። አዎ ቤት ነው፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አራት ሆነው የሚገቡበትን የተኩስ ጌም ይጫወታል። አንዱ አዳማ ነው፣ አንዱ መቀሌ፣ አንዱ የት እንዳለ እንጃ። "ከኋላህ ነው፣ ተኛ፣ ተኛ አልኩህ እኮ አንተ ደንቆሮ" ይላል፣ ከት ብሎ ይስቃል። ከእኛ ጋር እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ወጣ። ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ ወድቋል። ዓይኑ ተገልብጧል። አረፋ ደፍቋል። መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ክብሪት ጭረው ጭሱን ወደ አፍንጫው አስጠጉት። አፍንጫውን ፈጀው እንጂ አላስነሣውም።

ሆስፒታል ራሱ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ ፊቱ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም እያደረጉ ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ምርመራ አደረጉለት። ሐኪሟ ጁቨናይል ማዮክሎኒክ ኤፕለፕሲ ነው፣ በጉርምስና የሚጀምር የሚጥል በሽታ ነው አለችኝ። የጠዋቱ የእጅ መመንጨቅም እሱው ኖሯል። ጌሙ ነው ያመጣበት አልኳት።

"አይደለም እናት። በሽታው ውስጡ ነበር። ጌሙ ግን እንቅልፉን ይወስድበታል፣ ብልጭታውም ይቀሰቅስበታል። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባለውን ኪኒን ጠዋትና ማታ ይውሰድ። አንድም ቀን እንዳያቋርጥ።"

መድኃኒቱ ሠራ። ብርጭቆው መውደቁን ተወ። ስልኩን ግን ልጄ አልተወም። በዚያ ላይ ወሬው ሰፈር ደረሰ። የሚጥል በሽታ ይጋባል ይላሉ እኛ ጋ። አብሮት ያደገው ጓደኛው በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ፣ ክፍል ውስጥም ዴስኩን ብቻውን ይዞ ዋለ። ስልኩን ልቀማው ስል እጄን ያዘኝ።

"እማ፣ እዚያ እኮ ስወድቅ ሮጠው መጥተው ያነሡኛል። እዚህ ክብሪት ነው የሚጭሩብኝ።"

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጌሙ ውስጥ አንዱ ተመቶ ሲወድቅ ሌላው ደርሶ ያነሣዋል። ልጄ እዚያ አለቃቸው ነው፣ ስሙም ሌላ ነው፣ በሽታውን የሚያውቅ የለም።

እኛ ጴንጤ ነን። ጾምን፣ ጸለይን። አንድ እሑድ አቤኔዘር ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ጌታ ከበሽታውም ከጌሙም ነፃ እንዳወጣው መሰከረ። ጉባኤው እልል አለ። የሸሸው ጓደኛው ሳይቀር መጥቶ አቀፈው። ስልኩን በገዛ እጁ ሰጠኝ።

የመሰከረ ሰው ግን ወደ ኋላ አይልም። ኪኒን እየዋጠ ተፈወስኩ ማለት ውሸት መሰለው። ማንም መድኃኒቱን ተው አላለውም፤ ማንም ደግሞ ዋጥ አላለውም። ኋላ እንደደረስኩበት፣ ምላሱ ሥር ይዞ ወጥቶ ሲተፋው ከርሟል። ጌሙንም ከአክስቱ ልጅ በተዋሰው ስልክ ተደብቆ ጀመረው፤ የመሰከረ ልጅ ሲጫወት አይታይምና እኛ ከተኛን በኋላ ነው።

ጠዋት ነበር። ወደቀ። እስኪያልፍ ጠበቅን። አላለፈም። ቆመ ስንል ተመለሰ። ስሙን ጠራሁት። አልሰማኝም። ከንፈሩ ጠቆረ። አባቱ ተሸክሞት ቁልቁለቱን ወረደ። ታክሲ ውስጥም ይንቀጠቀጣል። ሆስፒታል ደርሰን በመርፌም አልቆመም። አስተኙት። ማሽን ተነፈሰለት።

"ስታተስ ኤፕለፕቲከስ ነው፣ ሳያቋርጥ የሚጥል" አለችኝ ሐኪሟ። መድኃኒቱን አቁሞ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላቆመም አልኳት። አላውቅማ።

ከማሽኑ ሲወጣ ደግሞ ይህን አለችኝ፦ "ብዙ ቆይቶበታል። አንጎሉ ተጎድቷል። ምን ያህል እንደሚመለስለት ቃል አልገባልዎትም።"

አሁን ቤት ነው፤ መድኃኒቱን እኔ አስውጬው አፉን ከፍቶ ያሳየኛል፣ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፣ ከጀመረው ወሬ መሐል ቃል ጠፍቶበት ፊቴን ያየኛል፣ ትምህርቱ ቀርቷል፣ አባቱም ሲሸምን አጠገቡ አስቀምጦ የክሩን ቀለም ስም እየጠራ ያስለየዋል፤ አንዳንድ ቀን ያገኘዋል፣ አንዳንድ ቀን ቀዩን ሰማያዊ ይለዋል።

ጌሙን ጠየቀኝ። የረገምኩትን ስልክ እኔው ሐኪሟን ለመንኩለት፤ መድኃኒቱ ካልጎደለ፣ በቀን፣ ለጥቂት ጊዜ ይሁን አለች። አንዱን ማዳመጫ እሱ ጆሮ፣ አንዱን እኔ ጆሮ አደረግን።

"አለቃ፣ የት ጠፍተህ ነው? አገባህ እንዴ?" አለ አንደኛው። ልጄ ሳቀ። ከሆስፒታል ከወጣ የመጀመሪያው ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። ጣቱ አልታዘዘውም። እነሱ ወዲህ ሲሉት ወዲያ ይሄዳል። "ኧረ ይሄ እሱ አይደለም፣ ታናሽ ወንድሙ ነው" ብለው ተሳሳቁ። አላስቻለኝም።

"ልጆች፣ እናቱ ነኝ። ታሞብኝ ነው። ቀስ በሉለት።"

"ይቅርታ እማማ" አለ አንዱ፣ ድምፁ ገና የልጅ ነው። ያንን ጨዋታ አብረውት ጨረሱ፣ ሲወድቅም አነሡት። ከዚያ ወዲህ ግን ሲጠራቸው አይመልሱም። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ የሚያሸንፍላቸው ሰው ነው የሚፈልጉት። እሱ ግን በየቀኑ ይከፍተዋል። ጌሙ ውስጥ የእሱ ሰውዬ መሣሪያውን አንግቶ ብቻውን ቆሟል፣ በጎኑ ሦስት ባዶ ቦታ አለ። ያንን እያየ ይቀመጣል።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ፣ አልዋሸችኝም። ወንበሯን ለቃልኝ ቆማ ያደረችውን ነርስ፣ ተሳፋሪ አውርዶ የጫነንን ባለታክሲም አመሰግናለሁ። ጌታንም፣ ትንፋሹን ስለተወልኝ።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ጠዋት እጁ የሚመነጨቅ ልጅ ካላችሁ አሳክሙት። ሲወድቅ ክብሪት አትጫሩ፤ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ካልቆመ ሩጡ። መስክሮ ከመድረክ ቢወርድም ኪኒኑን ዋጥ በሉት፤ ጌታ አይቀየምም። ስልኩንም ከመንጠቃችሁ በፊት ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ከልጃችሁ ጋር የሚቀመጥ አንድ ሰው ፈልጉ። እኔ ያንን አብሮት ያደገውን ጓደኛውን ሁለት ጊዜ ሄጄ ለመንኩት። እመጣለሁ አለኝ። አልመጣም።