ሰሜንና ደቡቡ ያልተጻፈበት የዝናብ ካርታ

ዛሬ ሞጣ ላይ፣ በስብሰባ መሃል፣ የቢቸናን ዝናብ ለሞጣ፣ የሞጣን ለቢቸና አደልኩት። በፕሮጀክተር!

ዘንድሮ ለየትኛው ወረዳ ምን ዘር ይሂድ የሚባለው በዚህ ካርታ ነው። ከላይ ከተላከልን የዝናብ ፋይል የሠራሁት እኔ ነኝ። ፋይሉ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ቁጥር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ረድፍ ሰሜን ይሁን ደቡብ የሚናገር አንዲት መስመር የለበትም። ሰሜን ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ ካርታው ተዘቅዝቆ ወጣ፤ ሰሜን ያለችው ሞጣና ደቡብ ያለችው ቢቸና ዝናብ ተለዋወጡ።

ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ "ይሄ ሁሉ ዝናብ እዚህ ሲወርድ እኛ የት ሄደን ነበር?" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ወጥቼ ፋይሉን ለላከው ባለሙያ ደወልኩ።

"ከደቡብ ነዋ የሚጀምረው! ይሄማ ይታወቃል" አለኝ።

ማን ነው የሚያውቀው? ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ አንዲት መስመር መጻፍ ከበደው!

ተመልሼ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቄ ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ልጄ፣ የእኔ የአንዲት ጥማድ መሬት ደብተር እንኳ በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሌ ያዋስነዋል ይላል" አሉኝ። "የእናንተ ዝናብ አዋሳኝ የለውም?"

እናንተስ፣ "ይታወቃል" ተብሎ ሳይጻፍ የቀረ ምን ነገር ሰው ፊት አዋረዳችሁ? ጻፉልኝ፤ ሰሜንና ደቡቡን ሳትረሱ።