የዋጫ ባቄላና የእኔ ጢንዚዛዎች

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቦንጋ መናኸሪያ ስነሳ ዝናቡ አላባራም ነበር። የምሄደው ዋጫ አካባቢ እትዬ አልማዝ የሚባሉ ገበሬ ዘንድ ነው። ባቄላቸውን ክሽክሽ የተባለው ጭማቂ መጣጭ ደቃቅ ተባይ ሲወርረው መድኃኒት እንዳይረጩ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። በቤተ ሙከራ የማረባቸውን፣ ክሽክሽ የሚበሉ ጢንዚዛዎች ወስጄ ማሳቸው ላይ ለቀቅሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ፤ ባቄላው ጠቁሮ አልቋል።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። ጢንዚዛዎቹ በሙሉ ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ ማሳ ከለቀምኳቸው ጥቂቶች የተወለዱ ናቸው። አዲስ ደም ሳልጨምርባቸው ወንድምና እህት ሲዳቀሉ ኖሩ። እንቁላሉ ሳይፈለፈል እየቀረ፣ እጮቹ እየቀጨጩ ሲሄዱ አይቻለሁ። ቁጥራቸው ብዙም ስላልቀነሰ ግን ሪፖርቴ ላይ «ጥሩ» እያልኩ እጽፍ ነበር።

ሺሺንዳ

ሚኒባሱ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ሻይና ፓስቲ አዘዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠ የጨርቅ ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ቢጠይቀኝ ለሥራ ነው አልኩት። አለቃዬ ለባቄላው መጥፋት በብርዱ እንዳሳብብ መክሮኛል፤ እስከ ዋጫ ድረስ ይህንኑ ሳሰላስል ሄድኩ።

ዋጫ

ከከተማው ወጥቼ ጭቃውን እየረገጥኩ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። እትዬ አልማዝ የደረቀውን ባቄላ እየነቀሉ ለላማቸው ሲከምሩ ደረስኩ። ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። ሳልቀምስ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እኛ ከጎሳችን ሰው አናገባም» አሉ ሰምተውኝ ሲያበቁ። «ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። አንተ ተምረህ እንዴት አላወቅክም?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

ከባቄላው ይልቅ ይህ መልስ ያሳዘናቸው መሰለኝ። የዓመቱ ቀለብና የከርሞው ዘር ከዚያ ማሳ ነበር የሚጠበቀው።

ልሄድ ስል አጥሩ ሥር አረሙ ላይ የዱር ጢንዚዛዎች አየሁ፤ ገና ጣቴን ሳስጠጋ ብር ይላሉ። የእኔዎቹ እንዲህ በርረው አያውቁም። ብልቃጦቼን አውጥቼ ለማዳቀያ ጥቂት ልውሰድ ብዬ ለመንኳቸው።

«እነዚህን አልሰጥህም» አሉኝ በለሆሳስ። «ለእኔ የቀሩልኝ እነሱ ናቸው።»

ብልቃጦቼን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

ቦንጋ

አመሻሹ ላይ ደረስኩ። ቤቴ ሳልገባ ቢሮ ሄጄ የሆነውን እንዳለ ጻፍኩ፤ ጢንዚዛዎቹ ከእንግዲህ ለማንም ገበሬ እንዳይሰጡም አሳሰብኩ። ይህ መንገድ ያስተማረኝ አዲስ ዕውቀት የለም። የማውቀውን በጊዜው ብናገር ኖሮ ማሳው ይተርፍ ነበር። ዘግይቼ የነገርኳቸው እውነት ለእትዬ አልማዝ አንዲት ፍሬ ባቄላ አልመለሰላቸውም።